ከሠርግሽ የቀረሁበት ሐሙስ

የምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? አዲሱ ቤትሽ እንዴት ነው? የናንዴድ ከተማ ውሃ ተስማማሽ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ የአማቴ ወገብ ብቻ አልቃና ብሏል። ብደውልም እንደማታነሺ ስላወቅሁ በወረቀት መጣሁ።

«እህቴ ለስንዴ ብላ ከሠርጌ ቀረች» ማለትሽን ሰምቻለሁ። እውነትሽን ነው። እንዴት እንደሆነ ግን ከእኔው ስሚው።

ማክሰኞ ጠዋት ከግብርና ጣቢያው መልእክት በስልኬ ገባ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ብርቱ ነፋስና በረዶ ይጠበቃል፣ የደረሰ ስንዴ ያላችሁ ቶሎ አጭዳችሁ ከሸራ ሥር አስገቡ ይላል። ሰማዩ ግን ጉድፍ የለበትም። ባለቤቴ ባሊራም ዛላውን በመዳፉ አሽቶ ፍሬውን ነከሰና ገና አምስት ቀን ይፈልጋል አለኝ። በጥር ያው መልእክት ዝናብ ይመጣል ቢለን ለሽምብራው መድኃኒት ሳንረጭ መቅረታችንን፣ ጠብታ ሳይወርድ ትል እንደጨረሰውም አስታወሰኝ። ያኔም ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ለዓመት ቀለብ የቀረን ስንዴው ብቻ ነው።

ሐሙስ ሠርግሽ ላይ አልሄድም፣ አጭዳለሁ አልኩ። ባሊራም ሳያኮርፍም ሳይስማማም ስጦታሽን ይዞ ረቡዕ ወጣ። በሩ ላይ፣ «ሐሙስ ፀሐይ ከሆነ ለእህትሽ ምን ትያታለሽ?» አለኝ።

አማቴ ሰባ ዓመታቸው ነው። «ልጄ ያገባው አንቺን ነው ወይስ ስልኩን?» አሉኝ። ከዚያ የሳሪ ልብሳቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረው ማጭድ አነሱ።

ጎረቤታችንን ቪታባይን ድንበሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት። የሽምብራውን ነገር አንስታ ሳቀችብኝ። አፈርኩና ደግሜ አልነገርኳትም።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት፣ አንቺ የአበባ ጉንጉን በምታጠልቂበት ሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባሊራም ደውሎ እዚያም ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሰው ሁሉ የት ቀረች እያለ ይጠይቃል አለኝ። አማቴ ቀና ብለው ሰማዩን አዩና አጎንብሰው ማጨዳቸውን ቀጠሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እያለቀስኩ አጨድኩ፤ ነዶው በእንባዬ አልረጠበም እንጂ።

አስር ሰዓት ሊሆን ሲል ምዕራቡ ጠቆረ። ነፋሱ ሸራውን ሊነጥቀን ሲታገል እኔ በአንዱ ጫፍ፣ አማቴ በሌላው ጫፍ ተኛንበት። ሎሚ የሚያህል በረዶ ሩብ ሰዓት ወረደብን። ጀርባችን እስካሁን እንደጠቆረ ነው። ስንነሣ ያላጨድነው ሩቡ ከጭቃ ተደባልቋል፤ ሦስቱ እጅ ከሸራው ሥር ነው። ፍሬው ቀጠን ብሏል፣ ግን ይበላል።

የቪታባይ ማሳ ላይ የቆመ አገዳ የለም። ድንበሩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ደግመሽ ብትነግሪኝ እኮ አጭድ ነበር» አለችኝ። እህቴ፣ ይኼ ሆዴ ውስጥ ቀርቷል።

ደግሞ ሌላ ቅሬታሽም ደርሶኛል። አባታችን ያን በአበባ ያጌጠ ድንኳን ትቶ ሠርግሽን ጠባቡ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ በማድረጉ አማቶችሽ ፊት አፍረሻል። ድንኳኑ አስር ሰዓት ላይ ምሰሶው ተሰብሮ እንዴት እንደወደቀ በዓይንሽ አይተሻል። ማን ሥሩ ይበላ እንደነበር አስቢው። እኔ ማክሰኞ ስለ ነፋሱና በረዶው ላስጠነቅቀው ለአባታችን ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፤ ሁለቱን ተቆጥቶ ዘጋብኝ። በሦስተኛው የተባባልነው በእኔና በእሱ መካከል ይቅር። እሱን ግን አትውቀሽው።

ማጀትሽ ሙሉ ይሁን። ከባልሽ ጋር ክፉ አይንካችሁ፤ የአማትሽ አፍ በምርቃት ይከፈትልሽ። እኔን ለመቆጣት እንኳ ቢሆን ደውይልኝ።

ያልመጣችው ታላቅ እህትሽ