ድምፅ አልባው የገመቺስ ሠርግ

ታኅሣሥ 24፣ 2008 ዓ.ም.፣ ቡራዩ፣ ጠዋት
ኮምፒውተሬን እንደገና አጥፍቼ አበራሁት። ዝም። ድምፅ ማጉያውን ስልኬ ላይ ሰካሁት፤ ይጮኻል። ኮምፒውተሩ ላይ መለስኩት፤ ዝም። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አደረግሁ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ ለመንኩት። ዝም። ደብተሬ፣ የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበርኩ የምበላ ሴት ነኝ። ጥር ደርሷል። እልልታው የማይሰማ ሠርግ ማን ይቀበለኛል?
ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሩን ከፍቶ አቧራውን ያራገፈልኝ የሰፈራችን ጠጋኝ ገመቺስ ነው። (ከእንግዲህ ገ.፤ ሙሉ ስም ለተከበሩ ሰዎች ነው።) ደወልኩለት። "እህትዓለም፣ ድሮስ ድምፅ ነበረው?" አለኝ።

ታኅሣሥ 25
መንገዱ ተዘግቷል፤ ድንጋይና ጎማ። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ነው። ምናልባት ሶፍትዌሩ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ እንዳላወርድ ኢንተርኔት የለም። ካቻቢቴ አንስቼ ሆዱን ከፈትኩት። የድምፅ ካርዱ ቦታ ባዶ! እንደተነቀለ ጥርስ።
ገ. ሱቅ ሄድኩ። የሱቁ ኮምፒውተር ክዳኑን አውልቆ ዘፈን ያንባርቃል። ካርዴ ውስጡ ቁጭ ብላለች፤ ለምልክት የቀባኋት ቀይ የጥፍር ቀለም ሳይለቅ። የኔ ናት አልኩት። "ካርድም ጥፍሯን ትቀባለች እንዴ?" ሱቁ ሙሉ ሳቀ። እሺ። ሳቁ።

ጥር 2
ፍትሕ ራሷ ነጠላ ለብሳ በሬን አንኳኳች። የገ. እናት፣ ወ/ሮ ጫልቱ። ልጃቸው ሊያገባ ነው፤ ከአንቺ ሌላ ማን ይቀርጽልናል ይላሉ። በደስታ አልኳቸው፤ ከልቤ። ቪዲዮውን ያለ ድምፅ አስረክበዋለሁ። ሲጮኽብኝ፣ ድሮስ ነበረው? እለዋለሁ። እንዲህ ጥሩ እንቅልፍ ከተኛሁ ቆይቻለሁ።

ጥር 8፣ ማታ
ሙሽራዋን ከሱሉልታ እስክናመጣ መንገድ ላይ ቆመን ዋልን። ከሰበታ የተጠራው ባንድ ጭራሽ አልደረሰም። ገ. የሱቁን ኮምፒውተር አምጥቶ ዘፈን ከፈተ። በገዛ ካርዴ! ጥርሴን ነክሼ ቀረጽኩ።
አባቱ ኦቦ ቶሎሳ ሲመርቁ ግን ካሜራዬን ከፊታቸው ማንሳት አቃተኝ። በየስንኙ ሰው ሁሉ "ሃ ተኡ" ይላል፤ ይሁን ነው። እኔም ሳላስበው አልኩ። በጠላቴ ሠርግ!

ጥር 13
ኦቦ ቶሎሳን ትናንት ከቤታቸው ወሰዷቸው። ታጣቂዎች። መንገድ የዘጉትን ወጣቶች አልገሠጻችሁም ተብለው፣ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር። የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም።
ከሰዓት ገ. መጣ። አልቀለደም። ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "እማዬ እህል አልቀምስም ብላለች። የአባባን ምርቃት ብቻ አሰሚልኝ።" ይቅርታ አልጠየቀም፤ ልብ በይ ደብተሬ።

ጥር 14፣ ማለዳ
ሰካኋት። ድምፅ መጣ። የኦቦ ቶሎሳ ሳል ሳይቀር ይሰማል፤ ቆርጬ አላወጣሁትም። ወስኛለሁ። ምርቃቱን ከነድምፁ ዛሬውኑ በእጄ ለወ/ሮ ጫልቱ። ጭፈራው ግን፣ ገ. በሱፉ ውስጥ አልቦት፣ ትከሻውን እየሰበቀ፣ አፉን እንደ ዓሣ እየከፈተ እየዘጋ፣ ከዳር እስከ ዳር ጭጭ። ኦቦ ቶሎሳ በሰላም ገብተው፣ አጠገቡ ተቀምጠው አይተው እስኪስቁበት ድረስ ድምፁን አልመልስለትም።