ውሃ ሳይጠጣ የተጸለየለት ሞተር

እሑድ

ጸሎቱ ረዘመ። አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፓስተራችንና ሽማግሌዎቹ አዲሱን የጀልባ ሞተር ሊባርኩልን ግቢያችን መጡ። አዲስ ስል ለእኛ አዲስ ነው እንጂ ጅቡቲ ባሕር ላይ ጀልባ ሲገፋ የኖረ ነው። የሸጠልን ሰው ባለቤቴን ማቲን ደጋግሞ አስጠንቅቆታል። "ጨው የጠጣ ሞተር ነው፤ ውስጡን በንጹህ ውሃ እጠቡት። ያለ ውሃ ለአፍታም እንዳታስነሱት!" ማቲ መንዳት እንጂ ቅባት መንካት አይወድም፤ ስለዚህ ሥራው ለእኔ ደረሰ። በርሜል ሞልቼ፣ የሞተሩን እግር ነክሬ፣ እያስነሳሁ ሳጥበው ሰነበትኩ።

ዛሬ ለእንግዶቹ ወንበር ቦታ እንዲገኝ በርሜሉ ዞር ተደረገ፤ ሞተሩ በደረቁ ቀረ። የማቲ እናት እማማ "ድምፁን አሰማን እንጂ" አሉት። አስነሳው። ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ ፓስተሩ ክዳኑ ላይ እጃቸውን ጭነው "አባት ሆይ" አሉ። ጸሎት ተጀምሮ ሞተር የሚያጠፋ ማን ነው? ማቲ ዓይኑን ጨፈነ። ሽታው መጣ። ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ ጮክ ብዬ "አሜን!" አልኩ። ፓስተሩ መንፈስ የነካኝ መስሏቸው ስለ ዓሣው፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ከተማው ጨመሩበት።

ፈርቻለሁ። ቅዳሜ እማማን ይዘን ሐይቁን እንሻገራለን፤ ማዶ ያሉት ታላቅ እህታቸው ዘንድ ሊሰነብቱ። እማማ ዋና አይችሉም። እኔም አልችልም።

ሰኞ

ከተማችን ፒያሳ ያለችውን የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ በምሳ ሰዓት ሮጬ መጣሁ። ሞተሩን በርሜል ውስጥ አስነሳነው። ከኋላው ባለች ትንሽ ቀዳዳ ውሃ መትፋት አለበት፤ ውስጡን አቀዝቅዞ የሚወጣው ውሃ ነው። ጀልባ ነጂዎቹ "ሸንቷል?" የሚባባሉት ይህንን ነው። ዛሬ የሸናው እንደ ታመመ ሽማግሌ፣ ጠብ ጠብ።

"ይኸው ወጣ እኮ!" አለ ማቲ።

"ቀጥኗል።"

"የተጸለየለት ሞተር ነው ሳሪ፣ አትጨነቂ።"

ምን ልበለው? በጸሎት መሃል ተቃጠለ ልበል? የሰፈራችን ግማሽ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ምዕመን ነው። እማማ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ እያወሩ ነው፤ "ሞተሩ ራሱ አሜን ሲል ሰማሁት" እያሉ።

ማክሰኞ

መለዋወጫ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ለመስኖ ፓምፕ አለ፤ ለባጃጅ የፈለግሽው አለ፤ ለጀልባ ሞተር የለም። ለሸጠልን ሰው ደወልኩ።

"ያለ ውሃ አስነስታችሁታል?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ የሚባል ነገር የለውም እህቴ።"

እግሩ ውስጥ ውሃ የሚስብ ክንፍ ክንፍ ያለው፣ ከጎማ የተሠራ ትንሽ መዘውር አለ። ውሃ ሲያጣ ይቀልጣል። አዲሱን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሊልክልኝ ቃል ገባ። ምናልባት የድሮ ጨው የውሃውን መንገድ ዘግቶትም ይሆናል አለኝ። ለማቲ የነገርኩት የጨውን ብቻ ነው። ጨው የማንም ጥፋት አይደለም።

ረቡዕ

ማቲ አቼቶ ጨው ያሟሟል ሲባል ሰምቶ ካርቶን ሙሉ ይዞ መጣ። በርሜሉ ውስጥ ከውሃ ጋር ቀላቅለን አስነሳነው። ግቢው ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ። ሞተሩ ነጭ ፍርፋሪ መትፋት ጀመረ። እማማ በጣታቸው ነክተው ቀመሱት።

"ጨው ነው! የባሕር ጨው ማለት ይኸ ነው?" ባሕር አይተው አያውቁም።

ውሃው ወፈር አለ። ማቲ አቀፈኝ፤ ለጥቂት ጊዜ እኔም አመንኩ። ከዚያ "እስቲ ይቆይ፣ አታጥፋው" አልኩት። ሲቆይ መልሶ ቀጠነ። ክዳኑን ከፍቼ ስነካው ፈጀኝ። ጨው ብቻ አይደለም።

ሐሙስ

ለማቲ ነገርኩት። ጎማው እሑድ ነው የተቃጠለው አልኩት።

"ጸሎቱ ነው ያበላሸው ልትይኝ ነው?"

"ጸሎቱማ ምን አደረገ? ውሃ አልነበረውም ነው የምልህ።"

"ሰው እንደዚያ አድርጎ አይሰማሽም።"

እውነቱን ነው፤ አይሰማኝም። እንግዲያው ጉዞውን እናዘግይ አልኩት። የአክስቱ ዓይን በየቀኑ እየደከመ ነው፤ እማማ የሚቸኩሉት የእህታቸው ዓይን ሳይጠፋ ለመድረስ ነው አለኝ። ይህን አላውቅም ነበር።

የምፈራውን ልጻፈው፣ ቢቀለኝ። ሐይቁ መሃል ሞተሩ ሲግል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ። ደንገሉ ጥግ ያሉት ጉማሬዎች። እማማ ተንሳፋፊውን ጃኬት "ደረቴን ያፍነኛል" ብለው አውልቀው ሲቀመጡበት። የማቲ "ምንም አይልም"። ከሁሉም የባሰ የምፈራው ይህንን ነው።

ሲጻፍም አልቀለለኝም።

ዓርብ

ዕቃው ደረሰ! ሱቅ አልከፈትኩም። ማቲ ጀልባዋን ሊያጥብ በጉዱማሌ ሜዳ በኩል ወደ ሐይቁ ዳር ወርዷል። የሞተሩን እግር ብቻዬን ፈታሁ። ብሎኖቹን ጨው በልቷቸው እምቢ አሉ፤ ዘይት እያጠጣሁ፣ እየሰደብኩ፣ መልሼ እየለመንኩ። አሮጌው ጎማ ወጣ። ክንፎቹ ቀልጠዋል፣ አንዱማ ተቆርጦ የለም። የገባበትን ፈለግኩ፣ አጣሁት።

እማማ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ልደብቀው ስል ቀደሙኝ።

"እሑድ የሸተተው ይኸ ነው?"

"እማማ፣ ሸትቶዎት ነበር?"

"አፍንጫ የለኝም እንዴ ልጄ? ፓስተር ሲጸልዩ ማን ይናገራል ብዬ ነው።"

ማቲ ሲመጣ እሱንም ጠየቁት። መሬት መሬት እያየ "ሸትቶኝ ነበር" አለ። ይኸውላችሁ! ሦስታችንም እያሸተትን፣ ሦስታችንም ጨፍነን ቆመን ነበር። ፓስተሩስ አልሸተታቸው ይሆን? ሳቅን፤ እኔ ግን ሳቄ ወደ ለቅሶ ሄደብኝ።

ማቲ ዛሬ እጁን ቅባት ውስጥ ከተተ። አዲሱን ጎማ አብረን ገጠምነው። በርሜሉ ውስጥ ውሃውን ተፋው፣ ወፍራም፣ ሲቆይም የማይቀጥን። የተቆረጠችው ክንፍ ግን የት ገባች? "ከውሃው ጋር ወጥታለች" ይላል ማቲ። ማን አየ?

ቅዳሜ

የምጽፈው ማዶ ሆኜ ነው።

ማለዳ ልንነሳ ነበር፤ የእማማ ስኳር፣ ሳሙናና ጋቢ ሲጫን ሲወርድ ረፈደ። እማማ ጃኬቱን ሳይከራከሩ ለበሱ። ፊታቸውን ወደ ሞተሩ አዙረው ተቀመጡና "እኔ እጠብቀዋለሁ" አሉ። በየመሃሉ "እየወጣ ነው" ይሉናል። መሃሉን አልፈን የማዶው ደንገል ሲታይ፣

"ልጄ፣ ውሃው ቆመ።"

ማቲ አጠፋው። ነፋሱ ጀምሯል፤ ጀልባዋ ወደ ደንገሉ መንሸራተት ያዘች። ከዚያ በኩል ጉማሬ እፍ ሲል ሰማን። ቀዳዳዋን የምወጋበት ሽቦ እንኳ አልያዝኩም።

እማማ ከነጠላቸው መርፌ ቁልፍ ነቅለው ሰጡኝና ዓይናቸውን ጨፍነው በእናታቸው ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ መጸለይ ጀመሩ። ማቲ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ እኔ ከጀልባዋ ኋላ ተንጠልጥዬ ወጋሁ። ጎተትኩ። ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር ወጣች። የጠፋችው ክንፍ።

ማቲ የማስነሻውን ገመድ ያዘ። ከዚያ እናቱን አየና ቆመ። ጸሎቱ አላለቀም። እኔም ቆምኩ! ደንገሉ እየቀረበ፣ ሁለታችንም ጸሎት እስኪያልቅ እንጠብቃለን።

እማማ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ምን ትጠብቃለህ? አስነሳው እንጂ! የቀረውን እየሄድን እጨርሳለሁ።"

አስነሳው። ውሃው ወጣ። እማማ ከቀዳዳዋ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ እስከ ዳር ድረስ ጸለዩ።

አሁን ጓዳ ውስጥ ከእህታቸው ጋር ይሳሳቃሉ። እህትየው የእማማን ፊት በእጅም በዓይንም እየመረመሩ "አርጅተሻል" አሏቸው። አይተዋቸዋል ማለት ነው።

ነገ ነፋሱ ሳይነሳ እንመለሳለን፣ እኔና ማቲ ብቻ። ቀዳዳዋን የምጠብቀው እኔ ነኝ። አሁንም እፈራለሁ። መርፌ ቁልፉን ልመልስላቸው ስል ግን እማማ አልተቀበሉኝም፤ ራሳቸው ቀሚሴ ላይ ሰኩልኝ።