የከድጃ የውሃ ተራ

ለልጄ ፈይሩዝ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። በሰው አገር የሚራራልሽ ሰው አላህ አያሳጣሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እዚህ መርሳ ማንጎው አብቧል፣ አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት ወልድያ ደርሶ መጣ። ሆቴሉ የጽዳት ሠራተኞች አለቃ ስላደረገሽ ዱዓ አድርገንልሻል። ብቻ ያቺን የምታረፍድ ልጅ አስባርራለሁ ያልሽው ከሆዴ አልወጣ አለ።

ወንድምሽ ጁነይድም እንደተመረቀ የመስኖው የውሃ አባት ሆኖ ተራ ይደለድላል። ችኩልነቱን ታውቂው የለ! ባለፈው ጎረቤታችን ከድጃ የሌሊት ተራዋን ደጋግማ ስላሳለፈች ሊነጥቃት ሆነ። ቲማቲሟ ሊደርቅ ነው። ስብሰባው ላይ «እኔኮ…» ስትል «ሕግ ሕግ ነው!» ብሎ አቋረጣት።

ሼህ አማን «አንተ ልጅ፣ እስቲ ያለችውን ድገምልን» አሉት።

«ምን አለች?» ብሎ ዞር ሲል ሰው ሁሉ ሳቀበት። አፍሮ «እትዬ ከድጃ፣ በይ ጨርሺ» አላት። ለካ እናቷ አልጋ ይዘው ሌሊት ትታቸው መውጣት አቅቷት ኖሯል! የኛን የቀን ተራ ለሷ ሰጥቶ በሷ የሌሊት ተራ የኛን ማሳ ሊያጠጣ ራሱ ይወርዳል። ቲማቲሟም ተረፈ። አሁንማ «እንዲህ ነው ያላችሁት?» ብሎ ሳይጠይቅ አይወስንም፤ ስብሰባው ረዝሞ ራቱ ይቀዘቅዝበታል እንጂ ሰዉ ወዶታል።

ልጄ፣ ያቺም የሰው ልጅ ናት። ለበላይሽ ከመንገርሽ በፊት ብቻዋን አስቀምጠሽ እስክትጨርስ ስሚያት። አላህ ልብሽን ያስፋልሽ፣ ሹመትሽን የበረካ ያድርግልሽ። ልጅቷ ያለችሽንም አንድ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

እናትሽ