ተጠባባቂዬ በቴሌቪዥን

ቡሬ፣ እሑድ ጥር 17

ዛሬ ከእናቴ ጋር ጎረቤት ቤት ሆኜ ጌታሁንን ሲጫወት በቴሌቪዥን አየሁት። ክለባችን ሳይፈርስ የእኔ ተጠባባቂ በረኛ ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ሊዘጋ ሲል እሱ ከፍኖተ ሰላም መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ እኔ የአባቴን ተዝካር ሳላወጣ አልሄድም ብዬ ቀረሁ። ይኸው በቆሎ ስጭንና ሳራግፍ ሦስት ዓመት ሞላኝ።

ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥባቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲገባበት በሆዴ ጸለይኩ። እሱ ግን መቺው የቆመበትን እግር አይቶ ወደ ግራ ተወረወረና ያዘው። እግሩን እይ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ! ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

እናቴ ዞር ብላ፣ "አንተም እንዲህ ትይዝ ነበር እንዴ ልጄ?" አለችኝ።

"አልፎ አልፎ" አልኳት።