የስኩተሬ ዕቃ መጥቷል

ሰሎሜ፣
ልብስ ልወስድ መጥቼ ነበር፤ ወደ ጊምቢቹ፣ ወደ አባዬ ለቅሶ ተመለስኩ። በቀብሩ ቀን ስላልተለየሽኝ ተባረኪ።

አራት ወር የጠበቅነው የስኩተሬ ዕቃ መጥቷል። የሱቁ ሰውዬ ትናንት ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ "ጌታ ያጽናሽ" ካለኝ በኋላ እዚያው ድንኳን ውስጥ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ሰኞ ሞተሩን ሱቁ ወስደሽ አስገጥሚው። የዋስትና ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው።

የሰፈራችን መካኒክ ባንድ ቀን እሠራዋለሁ ሲል፣ "ሌላ ሰው ከከፈተው ዋስትናው ይሰረዛል" ያልሽኝ ለእኔው ብለሽ ነው። እኔም እሺ አልኩ።
አባዬ በየቅዳሜው ከጊምቢቹ እየደወለ "ሞተርሽ ገና ነው? መቼ ትመጫለሽ?" ይለኝ ነበር።

ሲሠራ አንቺው ንጂው። ዋስትናው ስምንት ወር ይቀረዋል።

ለቀብሩ ከጊምቢቹ እስከ ሰፈራችን መቃብር በእግራችን ስንሄድ ሰዓቴን አይቼ ነበር። ለካ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

አዜብ