የአውጫጭኙ ወፍ

ለአማቼ፣ ለሚስቴ ለጥሩነሽ ወንድም፤

እንደምን ከርመሃል? እግርህ አብጦ አልጋ ላይ ወድቀሃል ሲሉ ሰማሁ። ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ እዚሁ ደብረ ኤልያስ አለሁ፤ ዘንድሮም ጤፌን ያጨድኩት ራሴ ነኝ። ይህን ደብዳቤ አስጽፌው አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከጎለመስኩ ወዲያ ነውና ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢመስል ታገሠው። በነገራችን የሌላ ሰው እጅ እንዲገባበት አልሻም።

ልጅህ ሥራነሽ ጋቢ ይዛ መጥታ ነበር። «አያ፣ አባዬ ሳይሞት ዐይንዎን ማየት ይሻል፤ ይታረቁት» አለችኝ። «ዐይኔ ከቦታው አለ፤ እሱ ይምጣ» አልኳት። «መራመድ አቅቶታል እኮ» ብትለኝ፣ «ደብረ ማርቆስ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረምሳ ጠፋ እንዴ?» አልኳት። እያለቀሰች ሄደች። እሷ ምን አደረገች፤ አሳዘነችኝ። ጋቢውን ግን መልሼብሃለሁ። ጥሩነሽ የፈተለችው ገና አላለቀም።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ።

ጥሩነሽ ባለፈው ፍልሰታ ነፍሷ ሳትወጣ እጄን ያዘችና፣ «የአውጫጭኙ ወፍ ወንድሜ ነበር። ከሰርጋችን በኋላ ጠጥቶ ነግሮኛል። ማርልኝ» አለችኝ። ዝም እንዳልኩ ሄደች። ስንት ዘመን አብራኝ የኖረች ሴት መልስ ሳትሰማ ተቀበረች። ይህም ያንተ ሥራ ነው።

ረስተኸው እንደሆን ላስታውስህ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ነጋዴው አማረ ወንዙ መሻገሪያ ላይ በጥይት ተመትቶ፣ ጠመንጃው ተወስዶ ተገኘ። ዳኛው የአጥቢያውን ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ሰብስቦ ለአውጫጭኝ አስቀመጠን፤ ገዳዩ ሳይጠቆም ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ጤፉ ደርሶ ይረግፋል፣ ከብት ይገባበታል፣ የሰው ዐይን ይቀላል። ያየ ሰው ቢኖር ለአንድ ሽማግሌ ብቻ በጆሯቸው ሹክ ይላል፣ ወፍ የሚባለውም እሱ ነው፤ እሳቸውም ስሙን ላያወጡ ምለዋል። በመጨረሻ ሽማግሌው ተነሡና፣ «ወፍ ይርዳው ገደለ ትላለች። የአማረን ጠመንጃ ከይርዳው የጭድ ክምር ሥር ፈልጉ ትላለች» አሉ። ተፈለገ፤ ተገኘ።

ወንድሜ ይርዳው «እኔ አይደለሁም፣ በማርያም!» እያለ ሲጮኽ፣ ጎረቤቶቻችን ወደ ማጭዳቸው ሮጡ። አንዱማ «ተመስገን፣ ጤፌ ተረፈ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፍርድ ቤቱም ጠመንጃውን አመነ። ይርዳውን ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ሰቀሉት። ሬሳውን ስናወርድ እግሩን የያዝከው አንተ ነበርክ። ከእኔ ብሰህ አለቀስክ። በዓመቱ እህትህን ዳርክልኝ። እኔም ሞኙ፣ ለተሰቀለ ሰው ቤተሰብ እህቱን የሰጠ ብዬ እጅህን ሳምኩ።

ወፍ መሆንህ ብቻ ቢሆን፣ ጤፉ አስጨንቆት ነው እል ነበር። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መንገደኛ የሚያየውን መንገድ ላይ ያያል። በሰው ክምር ሥር፣ ጭድ ውስጥ የተቀበረ ጠመንጃ ምን ዐይን ያየዋል? ይርዳው ከአማረ ጋር አንድ ክፉ ቃል ተለዋውጦ አያውቅም። ከአማረ ጋር በርስት ሲሟገት የከረመው ማን እንደነበር ግን አንተም እኔም እናውቃለን። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ልጆቼን ዛሬም ድረስ፣ ሰው ሲጣላቸው፣ «የተሰቀለው ዘር» ይሏቸዋል። ይህን ስም ሳልፍቅላቸው አልሞትም። ካሳ አልጠይቅህም። እዚህ ደብረ ኤልያስ መጥተህ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ድንጋይ ተሸክመህ ደጀ ሰላሙ ላይ ቁም፤ ይርዳው ንጹሕ ነበር በል። ገዳዩ ማን እንዳልነበረ ከተናገርክ፣ ማን እንደነበረም አፍህ ያውቀዋል።

ባትመጣ አልከስህም። ዳኛ አይቻለሁ፤ ይበቃኛል። ቀብርህ ላይ ግን አልቀርም። ቄሱ «የተቀየማችሁ ፍቱት» ሲሉ አገሩ በአንድ አፍ «እግዜር ይፍታው» ይላል። እኔ «አልፈታሁም» እላለሁ። ለምን ሲሉኝ፣ በልጆችህ ፊት አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። አንተ ያን ጊዜ የምትመልስበት አፍ የለህም።

እስክትመጣ ድረስ ሞት ይርሳህ። መድኃኔዓለም ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ዕድሜህን ያርዝምልህ። ከልቤ ነው የመረቅሁህ።

የይርዳው ወንድም