ትከሻው ላይ ሁለቴ

ለታላቅ እህቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ጤናዬም ምላሴም ደህና ናቸው። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ስደውልለት ሁለት ቃል ተናግሮ ይዘጋብኛል፤ ልጄ ንቆኛል» ያልሽው አንጀቴን በላው። ቆይ፣ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሳቂ፤ እህትሽ በሃምሳ ዓመቷ ዲጄ ሆናለች!

እውነቴን ነው። ሳምንቱን ልብስ ስሰፋ እውልና ቅዳሜ ከሰዓት ልጅሽ ጭፈራ አዳራሽ ውስጥ ቴክኖ ሲያጫውት ከጎኑ እቆማለሁ። ያ አንቺ «ወፍጮ» የምትይው ዘፈን ነው። ሥራው ግን ስፌት በይው። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይገባል፤ መጋጠሚያው እንዳይታወቅ ፍጥነታቸውን እኩል ያደርጋል፣ ዘገምተኛውን እያፈጠነ። ይኼን መዳፉን ድምፅ ማጉያው ላይ ጣል አድርጎ ያውቀዋል። ቀጥሎ ቅኝቱ አለ። ቅኝቶቹ እንደ ሰዓት ፊት ክብ ሠርተው ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ተቀምጠዋል። ስምንት ከሰባትና ከዘጠኝ ጋር ይስማማል፣ ከሩቁ ጋር ይጣላል። እንደኛ ሰፈር እንዳይመስልሽ፤ እዚያ ጎረቤት ከጎረቤቱ ይዋደዳል!

እንዴት ገባሽበት አትዪኝም? አንድ ቅዳሜ ምሳውን ረስቶ ወጣና ይዤለት ሄድኩ። ሁለት ዘፈን ሲያጋጥም ደረስኩ። ማጫወቻ መሣሪያው ሁለቱንም ስምንት ይላቸዋል፤ ይስማማሉ ማለት ነው። ግን አንዱ ሲፈጥን ቅኝቱ አብሮ እንዳይወጣ የሚይዝ ቁልፍ አለ፤ እሱን ሳይጫን ቀርቷል። ቁጥሩ ስምንት እንዳለ ድምፁ ሽቅብ ሄደልሽ። ምን ልበልሽ፣ ድመትና ዘይት ያልተቀባ በር ሲጣሉ! ጭፈራው ቆመ፤ ሰዉ ፊቱን አጨማደደ፤ ባለአዳራሹ እጁን ያወናጭፋል። ልጅሽ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ እንዳለ ነበር።

ከኋላው ሆኜ ጠራሁት። ደግሜ ጠራሁት። ከዚያ ትከሻውን ነካሁት።

ማታ ቤት ብዙ አወራን። አንዲት ነገር ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስማለኝ፤ «እማዬ ማልቀስ ከጀመረች ማን ያስቆማታል» አለኝ። ምያለሁና አትጠይቂኝ። ከዚያ ወዲህ አጠገቡ ነኝ፤ ከተስማማ ትከሻውን አንዴ፣ ካልተስማማ ሁለቴ መታ አደርገዋለሁ። ባለአዳራሹ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ ልጁን ይተዉት እንጂ፣ ትከሻውን ጨረሱት!» ባለፈው ቅዳሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ጊዜ ሁለቴ አልመታሁትም። በደስታ እንባዬ መጣ። በደስታ ነው አልኩት፣ አመነኝ።

እህቴ፣ አልናቀሽም። ስልኩን ተይውና ጻፊለት፤ ደብዳቤሽን ከእጄ ነጥቆ ነው የሚያነበው። ስትመጪ በር ላይ ሆነሽ አትጥሪው። ወደ ውስጥ ዝለቂና ብርሃን ባለበት ፊት ለፊቱ ቁሚ፣ ቀስ ብለሽ አውሪው። በቀደም ምን እንደጠየቀኝ ታውቂያለሽ? ሕፃን ሳለ ታንጎራጉሪለት የነበረውን ዜማ፤ ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ ቅኝቱ የትኛው ነበር ብሎ። ፍጥነቱን በእግሬ መታሁለት። ቅኝቱን ግን እኔ ልሰጠው አልቻልኩም፤ እሱ ያንቺ ነው። መጥተሽ ደረትሽ ላይ አስጠግተሽ አንጎራጉሪለት።

ግን ቶሎ ነይ።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ መንገዱን ያቅናልሽ፤ ደጃፌ ላይ በደህና ያቁምሽ።

ምላሷን በመሐላ ያሰረችው
ታናሽ እህትሽ